የሀኒፋ ፋብሪካ

ትሩፋት በሲቪል ምሕንድስና ከተመረቀች ወዲህ አንድም ቀን ከአሸዋና ከሲሚንቶ ጋር ውላ አታውቅም። በተመረቀችበት ዓመት የጫማዋ ሶል እስኪሳሳ ሥራ ፍለጋ ዞረች፤ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ሁሉ ቆመች፤ በመጨረሻ «ጥበበ እጅ» የሚባል አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ልጆችን ወደ ሳይንስ የሚስብ ሰው እንደሚፈልግ ሰምታ ለጊዜው ብላ ገባች። ያ ለጊዜው የተባለው ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ።

ሥራዋ በመካኒሳና በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችን እያዳረሰች ስለ ሳይንስና ስለ ምሕንድስና ለተማሪዎች መናገር፣ ከእነሱም ልቡ የተነካውን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስባ በእጁ ማሠራት ነበር። የሚሰበሰቡት ከመካኒሳ አቦ ወረድ ብሎ ባለ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። ክረምት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው መደማመጥ አይቻልም፤ በበጋ ደግሞ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ልጆቹ ግን አይቀሩም። በሐኪም መርፌና በውሃ ግፊት ዕቃ የሚያነሳ ክሬን ይሠራሉ፤ ከአይስክሬም እንጨት ድልድይ አቁመው ጡብ ይጭኑበታል፤ የተጣለ መጫወቻ መኪና ፈተው ሞተሩን በፀሐይ ኃይል ያዞሩታል። ትሩፋት ፊታቸው ቆማ ስትናገር ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። የንግግር ጸጋ ነበራት። የምትላቸውንም ታምንበት ነበር። የእኔ ዕድል ቢጠምም የእነዚህ ይቀናል፣ በየሰፈሩ ፎቅ እየቆመ፣ መንገዱ ሁሉ እየተቆፈረ መሐንዲስ እንዴት ሥራ ያጣል ትል ነበር።

ከእነዚያ ሁሉ ልጆች መካከል እንደ ሀኒፋ ያለች አልገጠማትም። ሀኒፋ ወደ አዳራሹ ስትመጣ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አባቷ አቶ ከድር ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው፣ ዕቃ በጀርባቸው እያዞሩ ሸጠው፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ያቆሙ ሰው ናቸው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ትቀመጥ ስለነበር ቱቦና መገጣጠሚያ ምኗም አይደለም፤ ደንበኛ የተሰበረ ነገር ይዞ ሲመጣ ገና ከኪሱ ሳያወጣው የሚገጥመውን ታቀርብለታለች። ትሩፋትን ያስገረማት ግን ይህ አልነበረም። ልጅቷ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ካልገባት ምግብ አይወርድላትም። «ቲቸር፣ ለምን?» ትላለች። ሲነገራት ደግሞ «እሱስ ለምን?» ትላለች።

በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በተራ ነው። ሰው ሌሊት ውሃ ይመጣል ብሎ ፓምፑን ከፍቶ ይተኛል፤ ውሃው ሳይመጣ ይቀርና ፓምፑ በባዶው ሲዞር ያድራል፣ ይቃጠላል። የተቃጠለ ፓምፕ ታቅፈው አባቷ ሱቅ የሚመጡትን ስታይ ያደገችው ሀኒፋ አንድ ቅዳሜ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዛ መጣች። ውሃው መጀመሪያ ጣሳው ውስጥ ይገባል፣ ውስጡ ያለውን ተንሳፋፊ ያነሳዋል፣ ተንሳፋፊው ሲነሳ ማብሪያውን ይጫናል፣ ፓምፑም ያን ጊዜ ብቻ ይነሳል። ውሃው ሲሄድ ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ ፓምፑም ያርፋል። ሐሳቡ የራሷ ነው፤ ትሩፋት የረዳቻት ኤሌክትሪኩ ከውሃው የሚርቅበትን መንገድ ብቻ ነው። ለብዙ ቅዳሜዎች አበላሹት፣ እንደገና ሠሩት። በመጨረሻ የአዳራሹ ጎረቤት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ቤት ገጠሙት። ውሃው መጥቶ ፓምፑ በራሱ እህህ ብሎ ሲነሳ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ልጅቷን «ኢንጂነሯ» ይላት ጀመር።

አቶ ከድር በልጃቸው ይኮሩ ነበር፤ ሐሳባቸው ግን ሌላ ነው። አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍቱላት አስበዋል። ይህን የሰማች ዕለት ትሩፋት ሱቃቸው ድረስ ሄደች። አቶ ከድር በርጩማ አቀረቡላት፤ ለስላሳ አስመጡላት። ልጃቸው የንግድ ጭንቅላት እንዳላት፣ ታናሽ ወንድሟ ያሕያ ገና ሕፃን መሆኑን፣ ሰው ወልዶ የሚያሳርፈውን እንደሚፈልግ ረጋ ብለው ነገሯት። ትሩፋት ከእሳቸው በኋላ ብዙ ተናገረች። ስለ ጣሳው ተናገረች፣ ስለ ልጅቷ ጥያቄዎች ተናገረች፣ እንዲህ ያለ አእምሮ ከባንኮኒ ጀርባ ቢቀር አገርም እንደሚጎዳ ተናገረች። ደንበኛ እየመጣ ሲያቋርጣት ቆማ ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

አቶ ከድር ሰምተዋት ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ተምራ ስትወጣ ሥራ ታገኛለች?»

«እንደ እሷ ያለ ልጅ ሥራ አያጣም፣ አቶ ከድር» አለች ትሩፋት። «እኔ አለሁ።»

ሰውየው ወደ ሱቁ ውስጥ ዞሩ። ልጃቸው ከቱቦው ቁልል አጠገብ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

«እንግዲህ በአንቺ ቃል ነው» አሉ።

ሀኒፋ ያሳፈረችው ሰው የለም። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ ሩቅ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሜካኒካል ምሕንድስና ገባች። አምስት ዓመት የተባለው፣ ኮሮናው መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ተማሪው ወደየቤቱ ተበተነ እየተባለ ተጎተተ። ስትመለስም ስትሄድም ትሩፋት ጋ ሳትደርስ አታልፍም። የመውጫ ፈተናውን ብዙ ጓደኞቿ ሲወድቁ እሷ አለፈች። የተመረቀች ቀን አቶ ከድር በግ አርደው ሰፈሩን ጠሩ፤ ትሩፋትን ከጎናቸው አስቀምጠው በገዛ እጃቸው አጎረሷት። እናትየዋ ሐሚዳ ስታለቅስ «እልል በይ እንጂ» ይሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ታሪክ የለውም፤ ምንም አልሆነም። ሀኒፋ የትምህርት ማስረጃዋን በላስቲክ ይዛ ከቃሊቲ እስከ ገላን ያለውን የፋብሪካ በር ሁሉ አንኳኳች። ማስታወቂያው ሁሉ የሥራ ልምድ ይላል። ልምድ ከየት እንደሚመጣ የሚነግራት ግን አላገኘችም። አንዱ ጋ ዘበኛው ማን ልኳት እንደመጣች ጠይቆ፣ ማንም ስትለው፣ ወረቀቷን ሳያይ መለሳት። አንዱ ጋ ለፈተና ከተሰለፈው ሕዝብ ጋር ፀሐይ ላይ ውላ፣ ፈተናውን አንደኛ እንደወጣች ተነግሯት፣ ከዚያ በኋላ የሚደውልላት ጠፋ። ሌላው ኢንጂነር እንደማይፈልግ፣ ስልክ የምታነሳ ጨዋ ልጅ ከሆነች ግን ቦታ እንዳለው ነገራት። ትሩፋት የምታውቀውን ሰው ሁሉ ለመነች፤ አብረዋት ከተማሩት መካከል ወግ የደረሳቸውን ጥቂቶች ቢሯቸው ድረስ ሄዳ ደጅ ጠናች። ሁሉም «ወረቀቷን ላኪልኝ» ይላሉ። ትልክላቸዋለች።

በዚህ መሐል ያሕያ አደገ። አሥረኛ ክፍልን እንኳ ሳይጨርስ ሱቁን ተረከበ፤ ሁለተኛውንም ሱቅ ከፈተ፤ ለዕቃ ማመላለሻ መኪና ገዛ። እናቱ መቀነቷን ፈትታ ያረፈችው በእሱ ነው። ሀኒፋ ቤት ተቀመጠች። ሱቅ ሄዳ ወንድሟን እንዳታግዝ ደንበኛው ሁሉ ያውቃታል፤ «ኢንጂነሯ፣ ደህና ነሽ?» ይላታል። ቃሉ የድሮው ነው፤ ዜማው ግን ተለውጧል። አቶ ከድር ለልጃቸውም ለትሩፋትም አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። መንገድ ላይ ሲያገኟት ደህንነቷን፣ የእናቷን ጤና፣ የልጆቹን ነገር ይጠይቋታል። ስለ ሀኒፋ ሥራ አይጠይቋትም። ትሩፋት በእሳቸው ሱቅ በኩል ታክሲ መያዝ ተወች፤ በኋለኛው መንገድ ዞራ፣ ጭቃ ረግጣ መሄድ ጀመረች።

የዛሬ ዓመት ገደማ የጥበበ እጅ ኃላፊ ኢያቄም ትሩፋትን ቢሮው ጠራት። ኢያቄም ሥራ ወዳድ፣ ለልጆቹ የሚያስብ ሰው ነው፤ ድርጅቱን እስትንፋሱን ይዞ ያቆየው እሱ ነው። የድርጅቱ ዓመታዊ በዓል ሊከበር መሆኑን፣ ለጋሾቹ ከውጭ እንደሚመጡ፣ ከተደሰቱ ፕሮግራሙ እንደሚቀጥል፣ ካልተደሰቱ ግን አዳራሹም እንደሚዘጋ ነገራት። ከዚያ ፍሬያችንን ማሳየት አለብን አለ። በአዳራሹ ካለፉት መካከል አንድ መሐንዲስ መድረክ ላይ መውጣት አለበት። የጣሳዋ ልጅ የት ደረሰች?

ትሩፋት ሥራ እንዳላገኘች ነገረችው።

ኢያቄም ግንባሩን አሻሸ። «ሥራ የላትም ብሎ ማወጅ ግድ ነው?» አላት። «ስለ ፈጠራዋ ትናገር፣ ስለ ትምህርቷ ትናገር። ይህ ሁሉ እውነት አይደለም?»

እውነት ነው። ትሩፋት ሀኒፋ ቤት ስትሄድ ልጅቷን ሳሎን ውስጥ የእናቷን የስፌት መኪና ፈትታ እያጸዳች አገኘቻት። የመጣችበትን ጉዳይ ሰምታ ሳቀች። መሳቋ ትሩፋትን ከልቅሶ የባሰ ከበዳት።

«ከተመረቅኩ በኋላ ያለውንስ ምን ልበላቸው?»

«እሱን ማንሳት የለብሽም» አለች ትሩፋት። «ለልጆቹ ብለሽ ነው። ሲያዩሽ ይበረታሉ።»

ሀኒፋ የስፌት መኪናውን ብረት በጨርቅ ወልውላ ጨረሰች። ከዚያ እሺ አለች።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፊት ለፊት እንግዶቹ ተቀመጡ፤ ከእነሱ ኋላ ከየትምህርት ቤቱ የመጡ ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ተደረደሩ፤ በመጨረሻው ረድፍ ወላጆች። አቶ ከድርም ሱቁን ለያሕያ ትተው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ የጁምዓ ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል። ሀኒፋ መድረክ ላይ ስትወጣ ትሩፋት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ልጅቷ ስለ ውሃው ተራ፣ ስለ ተቃጠሉት ፓምፖች፣ ስለ ወተቱ ጣሳ ተናገረች። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከትሩፋት የተማረችው አነጋገር ነው፤ እጇን የምታነሳበት፣ ቆም ብላ የምታይበት ሁሉ የትሩፋት ነው። ከእሷ ግን ይበልጥ ያምርባታል።

ንግግሩ አልቆ ጭብጨባው ጋብ ሲል ከልጆቹ መካከል አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ሀና ትባላለች፤ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ አዳራሹ ከመጣች ብዙም አልቆየችም።

«አሁን የት ነው የምትሠሪው?» አለች።

በፕሮግራሙ ላይ ጥያቄ አልነበረም። ኢያቄም ከወንበሩ ሊነሳ ብሎ ተወው። ሀኒፋ ማይኩን እንደያዘች በአዳራሹ ላይ ዓይኗን አንከራተተችና ግድግዳው ሥር ትሩፋትን አገኘቻት። ተያዩ። ትሩፋት አንገቷን ደፋች።

«የውሃ ፓምፕ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው» የሚለውን ድምፅ የሰማችው መሬቱን እያየች ነው። «ዲዛይን ክፍል። ያን ጊዜ በጣሳ የሠራሁትን አሁን በፋብሪካ ልንሠራው ነው።»

አዳራሹ ተናጋ። ልጆቹ ብድግ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። አስተርጓሚው ለእንግዶቹ ሲነግራቸው አንዲት ሽበታም ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። ትሩፋት ቀና ስትል ያየችው ሀናን ነው፤ ልጅቷ ሳታጨበጭብ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሀኒፋን ትኩር ብላ ታያለች።

አቶ ከድር ትሩፋትን በሩ ላይ ጠበቋት። ሀኒፋ ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ እየተነሳች ነበር። ሰላምታ አልሰጧትም።

«ልጄን ሱቅ ውስጥ ነው ያሳደግኳት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቱቦ ስትለካ እንዳታጎድል፣ የቻይናውን የጣሊያን ነው ብላ እንዳትሸጥ ነበር ያስተማርኳት። ዛሬ ስንት ሕፃን ፊት ቆማ የሌለ ነገር ሸጠች።»

«አቶ ከድር፣ እኔ እንዲህ ትላለች ብዬ...»

«አንቺን ምን እላለሁ» አሉ። «ቃል ሰጠሽኝ፣ አመንኩሽ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ ሁለቱም ነው የጠፋብኝ።»

ይህን ብለው ኮፍያቸውን አስተካከሉና ልጃቸውን ሳይጠብቁ ሄዱ። ትሩፋት ውስጥ ገብታ ወንበር ሰበሰበች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ በሩን ሲከፍት ልጆች እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆመው ነበር። ከዚያ በፊት ያን ያህል ልጅ መጥቶ አያውቅም። ከሀይሌ ጋርመንት፣ ከጀሞ፣ ከለቡ ጭምር ወንድማቸውን ጎትተው፣ ጓደኛቸውን ይዘው የመጡ አሉ። ሀና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ትሩፋት የመርፌ ክሬኑን ልታሳያቸው ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ስታወጣ ልጅቷ እጇን አነሳች።

«ቲቸር፣ ሀኒፋ ፋብሪካውን መቼ ነው የምታሳየን?»

ሌሎቹም ተቀበሏት፤ መቼ ነው፣ እንሄዳለን ወይ ተባባሉ። ትሩፋት አፏ ላይ መልስ መጣላት፤ ሀኒፋ ሥራ በዝቶባታል፣ ፋብሪካው ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለሚቀጥለው ወር። ቀላል ነበር። ነገር ግን የሚቀጥለው ወር እንደሚመጣ፣ ልጅቷም እጇን እንደምታነሳ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ መልስ እንደሚያስፈልግ ታያት። አቶ ከድርም ፊቷ ላይ ድቅን አሉ።

«ሀኒፋ ፋብሪካ ውስጥ አትሠራም» አለች። «ጎበዝ ናት፣ ተምራለች፣ ጣሳውንም ሠርታለች። ያ ሁሉ እውነት ነው። ሥራ ግን አላገኘችም። ፋብሪካው የለም።» አፏ አንዴ ተከፍቷልና ቀጠለች። «እኔም መሐንዲስ ነኝ እላችኋለሁ እንጂ በተማርኩት ሠርቼ አላውቅም።»

ከኋላ አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው።

«እኛስ ታዲያ?» አለች ሀና።

ትሩፋት እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ከመካከላቸው የሚቀናው እንደሚኖር፣ የማይቀናውም እንደሚኖር፣ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግን በራሱ ከንቱ እንዳልሆነ አስረዳች። የገዛ ድምፅዋን ስትሰማው ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈው የድርጅቱ ፖስተር ሆነባት። ተወችው። መርፌዎቹን አደለቻቸው፣ ውሃ ቀዳችላቸው፣ ክሬኑን ሠሩ። አንዳንዶቹ ደስ ብሏቸው ነበር የሠሩት። ሀና መርፌዋን ይዛ ቁጭ እንዳለች ሰዓቱ አለቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከግማሽ በላዩ ቀረ። ሀናም ቀረች። እናቷ ግን ድርጅቱ ቢሮ ደውላ ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ሰነበተች፣ መጀመሪያ በተስፋ አሰክራችሁ ኋላ ተስፋ የምታስቆርጡ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ ብላ ተቆጣች።

ኢያቄም ትሩፋትን ሲጠራት አልጮኸባትም። በር ዘግቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሱም ኬሚስትሪ ተምሮ ላቦራቶሪ ረግጦ እንደማያውቅ፣ አገሩ ምን እንደሆነ እሱም እንደማይጠፋው ነገራት። ሀኒፋ ያለችውን እሱ እንዳላዘዛት፣ ሲሰማውም ደንግጦ እንደነበር ነገራት። ከዚያ ግን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ ተስፋ የለሽም ማለት እውነት መናገር ነው ወይስ ሸክምን ከራስ ላይ አውርዶ ሕፃን ማሸከም፣ እሱን ንገሪኝ አላት። ትሩፋት ተስፋ የለም አላልኩም አለች። ከአነጋገሯ ግን ራሷም እንዳላመነችበት ታወቀባት። ውሏ በዚያው ወር መጨረሻ ያልቅ ነበር፤ አልታደሰም። ለለጋሾቹ ምን እንደተነገራቸው አላወቀችም። ፕሮግራሙ ግን እንደሚቀጥል ሰማች።

ትሩፋት መካኒሳ ውስጥ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ቤት ተቀመጠች። ለአንድ የሴራሚክና የመጸዳጃ ቤት ዕቃ መሸጫ ሻጭ ሆና ልትገባ ተነጋግራለች፤ የወለሉን ስፋት ሲነግሯት ስንት ካርቶን እንደሚፈጅ ቶሎ ስላሰላች ባለቤቱ ወዷታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከፈተችው። ሀኒፋ ናት፤ አዲስ ሻሽ አድርጋለች፤ የጥበበ እጅን መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።

«የአዳራሹ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው አሉኝ» አለቻት። ካወቀቻት ጊዜ ጀምሮ «እርስዎ» ነበር የምትላት። አንቺ ያለቻት ያን ቀን ነው።

ትሩፋት አስገባቻት፤ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። ኢያቄም ራሱ ደውሎ በትሩፋት ቦታ እንደጠራት፣ እንግዶቹ ንግግሯን እጅግ እንደወደዱት ሀኒፋ ነገረቻት።

«እውነቱን ካወቁ በኋላም?»

«እውነቱን የነገራቸው የለም። አንቺ የነገርሽው ለልጆቹ ነው።»

ትሩፋት ስሟን ሳታስፈቅዳት ማንሳቷ ሲከነክናት እንደከረመ ልትነግራት ጀመረች። ሀኒፋ አላስጨረሰቻትም።

«መድረክ ላይ ሆኜ ወዳንቺ አየሁ» አለች። ቁጣ የለባትም፤ የሆነውን እንደሚያስረዳ ሰው ነው የምትናገረው። «ያኔ ራስሽን ብትነቀንቂልኝ እንኳ እውነቱን እናገር ነበር። አንገትሽን ደፋሽ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ እኔ በሌለሁበት አንቺ ንጹሕ ሆንሽ።»

ይህ እውነት ነበር። ትሩፋት ተነስታ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ቁልፎቹን አወጣች። የትኛው የውጩ በር፣ የትኛው የዕቃ ቤቱ እንደሆነ አሳየቻት። የውጩ በር እንቢ ሲል ቆርቆሮውን ገፋ አድርጎ መክፈት እንደሚያስፈልግ ነገረቻት። ሀኒፋ ይህን ድሮም ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ሰማቻት።

«አባትሽ ደስ አላቸው?» አለቻት ትሩፋት።

«ተነጋገርን» አለች ሀኒፋ። «ከበዓሉ ወዲህ ገና የዛሬ ሳምንት ነው ያናገረኝ። ምን ሥራ ነው አለኝ። ልጆች አስተምራለሁ አልኩት። ምን እንዲሆኑ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

ሀኒፋ ቁልፎቹን በቀለበታቸው ላይ አንድ በአንድ አዞረቻቸው። ውጭ የታክሲ ረዳት «ጀሞ፣ ጀሞ» እያለ ይጣራል።

«አዳራሹ ውስጥ የሚነዝር ሶኬት አለ ብለውኛል» አለች። «የትኛው ነው? ልጆቹ እንዳይነኩት።»

«በግራ በኩል፣ ከሰሌዳው ሥር ያለው» አለች ትሩፋት።

ሀኒፋ አመሰገነቻት፤ ቁልፎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።